መጋቢው አየር መንገድ ራሴን ልቻል ሲል፦ የኢንዲፔንደንስ ኤር አነሳስና አወዳደቅ

በጁን 2025 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲልቨር ኤርዌይስ የሚባል አነስተኛ አየር መንገድ በአንድ ቀን ሥራውን አቆመ። ለተሳፋሪዎቹ ያስተላለፈው መልእክት አጭር ነበር። ኤርፖርት አትሂዱ፤ በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ገንዘባችሁን ከካርድ ኩባንያችሁ ጠይቁ። በቃ። ከዚያ በፊት ወደ ስድስት ወር ገደማ በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ሲንገዳገድ ቆይቶ ነበር፤ ንብረቱን የገዛው ወገን ግን በረራውን ልቀጥል አላለም። ዜናው አንድ ሁለት ቀን ተወራና ተረሳ።

እንዲህ ያሉ ትናንሽ አየር መንገዶች ሲሞቱ ለቅሶ ደራሽ የላቸውም። ሲልቨር እንኳ በራሱ ስም ይበር ስለነበር የሚያውቀው አልጠፋም። አብዛኞቹ ግን የሚበሩት በሰው ስም ነው። አውሮፕላኑ ጎን ላይ ዩናይትድ ወይም ዴልታ ተብሎ ተጽፏል፣ ትኬቱ ላይ ያለው የበረራ ቁጥር የዩናይትድ ወይም የዴልታ ነው፣ አስተናጋጇም በዚያው ስም ነው እንኳን ደህና መጣችሁ የምትለው። ፓይለቱንም እሷንም ቀጥሮ ደሞዝ የሚከፍለው ግን ሌላ ድርጅት ነው። ስሙን ትኬቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ታገኙታላችሁ፤ ከፈለጋችሁት ማለቴ ነው።

እነዚህ ድርጅቶች መጋቢ አየር መንገዶች ይባላሉ። ለምን እንደሚወለዱና ለምን ቶሎ እንደሚሞቱ ለመረዳት ከሲልቨር የተሻለ ታሪክ አለ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ቢሆንም። ኢንዲፔንደንስ ኤር ይባላል። የሆነው ደግሞ ብዙ ሐበሻ በየቀኑ በሚረግጠው ቦታ፣ ደለስ ኤርፖርት ነው። ቴክሳስ ያለውን ዳላስ ማለቴ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ያለውን፣ የዲኤምቪ (የዋሽንግተን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢ) ሰው ታክሲ የሚነዳበትን፣ ፓርኪንግ የሚሠራበትን፣ እናቱን ከአዲስ አበባ የሚቀበልበትን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ግን የመጋቢውን ሥራ እንየው። እኛ ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከዋሽንግተን በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ሰው ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሲቀጥል የሀገር ውስጡን ትኬት በቅናሽ ያገኛል። በሌላ አየር መንገድ የመጣው ያንኑ መቀመጫ ዳጎስ ባለ ዋጋ ነው የሚገዛው። ይሄ ደግነት አይደለም። ሂሳቡ የሚሠራው ከዋሽንግተን ቦሌ ባለው ረጅሙ መንገድ ላይ ነው። ከባሕር ዳር የምትነሳው ባለ ፕሮፔለሯ ኪው 400 ከምታመጣቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ቦሌ ወርደው ትልቁን አውሮፕላን ይሳፈራሉ፤ እሷ ብቻዋን ብታተርፍም ባታተርፍም ለድርጅቱ ዋጋ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትንሿንም ትልቁንም የሚያበረው ራሱ ነው። ስለዚህ ግራ ኪሱ ቢጎድል ቀኝ ኪሱ ይሞላል።

አሜሪካ ላይ ግን ትንሿን የሚያበራት ሌላ ሰው ነው። ትልቁ አየር መንገድ የራሱን ፓይለቶች በባለ ሃምሳ መቀመጫ አውሮፕላን ላይ ቢያስቀምጥ ደሞዛቸው ብቻ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ በርካሽ የሚያበር ድርጅት ፈልጎ ይኮናተራል። የትልቁ ፓይለቶች ማኅበር ደግሞ ይሄ ነገር ሥራችንን ቀስ በቀስ ይወስድብናል ብሎ በውሉ ላይ ገደብ ያስገባል። መጋቢው ከዚህ መቀመጫ በላይ ያለው ጄት አይነካም ይላል። በዩናይትድ በኩል በዚያ ዘመን የነበረው ገደብ 50 መቀመጫ ነበር። ይህችን 50 ያዟት። የመጣችው ከኢንጂነሪንግ ሳይሆን ከድርድር ጠረጴዛ ነው፣ በኋላም ሰዎቹን የበላቻቸው እሷ ናት ባይ ነኝ።

ዩናይትድ ደለስን የበረራ ማዕከሉ ያደረገው በ1986 ነው። በጎን ፕሬዝደንሺያል ኤርዌይስ የሚባል፣ እዚያው ደለስ በ1985 የተጀመረ አየር መንገድ ነበር። ብቻውን ልብረር ብሎ ተነሳ፤ አልሆነለትም። የዩናይትድ መጋቢ ሆነ፤ እሱም አላዳነው፣ በ1989 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ክፍተቱን ለመሙላት በዚያው ዲሴምበር በፍጥነት የመጣው አትላንቲክ ኮስት አየር መንገድ ነው። በ1991 ኬሪ ስኪን ያሉበት የባለሀብቶች ቡድን ገዛው። የእኛ ታሪክ ሰውዬ እሳቸው ናቸው።

አትላንቲክ ኮስት በትናንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ጀምሮ በ1997 ወደ ጄት ገባ። ጄቱ የካናዳው ቦምባርዲዬር ይሠራው የነበረው ሲአርጄ 200 ነው። 50 መቀመጫ፣ ሁለት ሞተር ከጭራው ሥር። በአሜሪካ ደንብ መሠረት እስከ 50 መቀመጫ ድረስ አንድ አስተናጋጅ ይበቃል፤ 51ኛዋን ካስገባህ ሁለተኛ ሰው መቅጠር አለብህ። ስለዚህ ቁጥሯ ከፓይለቶቹ ውልም ከአስተናጋጅ ሂሳብም ጋር ልክ ገጠመች።

ይህን አውሮፕላን የተሳፈረበት ሰው አይረሳውም። ጥንስሱ ቻሌንጀር የሚባለው የባለጸጎች የግል ጄት ነው፤ ያንን ሰውነቱን ጎትተው አስረዘሙትና ሕዝብ ጫኑበት። ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት መቀመጫ። መስኮቶቹ ዝቅ ብለው የተገጠሙ ስለሆነ ውጭውን ለማየት አንገት መስበር ይጠይቃል። ከላይ ያለው የሻንጣ ቦታ ደግሞ በትልቁ አውሮፕላን ላይ ያለ ችግር የሚገባውን ሻንጣ አይቀበልም፤ በር ላይ ወረቀት ታስሮለት ሆዱ ውስጥ ይጫናል፣ ስትወርዱ እዚያው ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ለአንድ ሰዓት መንገድ ግድ የለም። ከዚያ ሲያልፍ ግን ጉልበት ማማረር ይጀምራል።

አሁን ወደ ክፍያው። መጋቢ አየር መንገድ በሁለት መንገድ ነው የሚከፈለው። በአሮጌው መንገድ የትኬቱን ገንዘብ ይካፈላሉ። ተሳፋሪው ከቻርልስተን በደለስ በኩል ፍራንክፈርት ከሄደ፣ መጋቢው የአጭሩን መንገድ ድርሻ ያገኛል፤ ተሳፋሪ ከጠፋ እሱም አብሮ ይጎዳል። በሌላው መንገድ ክፍያው በበረራ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ ካረፈ፣ ሞላም ባዶውን ሄደም የተቆረጠው ገንዘብ ይገባል፤ ነዳጁንም ትልቁ አየር መንገድ ይችለዋል። አትላንቲክ ኮስትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በበረራ ወደሚከፈልበት ውል ገብቶ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ የሰርቪስ ሹፌር በሉት። ጠዋት አስፋልቱ ላይ የሚሳፈረው ሰው አነሰ በዛ አያስጨንቀውም፣ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ ይመጣል። መገናኛ ተራ ይዞ ሰው የሚጠራው የታክሲ ሹፌር ግን ሌላ ዓለም ነው ያለው። መኪናው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

አትላንቲክ ኮስት በሰርቪስነቱ ጎበዝ ነበር። አተረፈ፣ አደገ፣ ከዴልታ ጋርም ተጨማሪ ውል ያዘ። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ትልልቆቹ ሲደሙ እሱ ገንዘቡ በውል የታሰረ ስለነበር ያን ያህል አልተነካም።

ችግሩ የመጣው በዲሴምበር 2002 ዩናይትድ ኪሳራ ሲያውጅ ነው። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ለከሰረው ድርጅት ትልቅ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ያልጠቀመውን ውል በፍርድ ቤት ፈቃድ መጣል ይችላል። ዩናይትድም መጋቢዎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ዋጋ ቀንሱ አላቸው። ኮንትራት ያለው ሁሉ ደህና ነኝ ብሎ ሲያስብ የነበረው እዚህ ላይ ነው የነቃው። ውሉ የሚያስተማምነው አሠሪህ እስካልከሰረ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። ዩታ ያለው ስካይዌስት ከዩናይትድ ጋር ተስማምቶ ቀጠለ። አትላንቲክ ኮስት ግን በጁላይ 2003 እምቢ አለ። ከዩናይትድ ወጥቼ፣ እዚያው ደለስ ላይ፣ በራሴ ስም፣ በርካሽ ዋጋ እበራለሁ አለ። አዲሱ ስም ኢንዲፔንደንስ ኤር ሆነ።

በጊዜው ድፍረቱ ብዙ አድናቂ አግኝቷል፤ ለምን እንዳገኘም ይገባኛል። ደለስ ውድ ነበር፤ ዩናይትድ ተንሰራፍቶበት ማንም የሚገዳደረው የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሳውዝዌስትና ጄትብሉ በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሲቀይሩት ሁሉም እያየ ነው። ሜሳ የሚባለው ሌላ መጋቢ በዚሁ መሃል አትላንቲክ ኮስትን በግድ ልግዛህና የዩናይትድን ሥራ እንቀጥል ብሎ በኦክቶበር 2003 መጣ፤ ተካስሰው፣ በዲሴምበር ሜሳ ተወው። ባለአክሲዮን ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ ለማን እንደማጨበጭብ እርግጠኛ አይደለሁም። ሠራተኛው ግን ባብዛኛው ከስኪን ጎን ነበር፤ የሰው ስም ተሸክሞ መሥራት ያታክታል።

ጁን 16 ቀን 2004 የመጀመሪያው በረራ ተነሳ። ሽግግሩ እስኪያልቅ ድረስ የአንዱ ድርጅት አውሮፕላኖች ግማሹ የዩናይትድን ቀለም እንደለበሰ፣ ግማሹ በአዲሱ ሰማያዊ ተቀብቶ እዚያው ደለስ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። 87 ሲአርጄ ይዞ ነው የተነሳው። በአንድ ክረምት ውስጥ መሄድና መመለሱ ተደምሮ በቀን 600 ገደማ በረራ ደረሰ። ቦስተን፣ ኒውዋርክ፣ አትላንታ፣ ቡፋሎ፣ ሳቫና፣ ሁለቱም ቻርልስተኖች፤ የሳውዝ ካሮላይናውም የዌስት ቨርጂኒያውም። ብዙ ትኬት ከ100 ዶላር በታች ነበር። የደኅንነት ማሳሰቢያውን ታዋቂ ሰዎች ድምፃቸውን ሰጥተው እየቀለዱ ያነቡት ነበር፣ ሰዉም ወደደው። ከአንድ ትንሽ ከተማ ተነስቶ ዋሽንግተን ለመድረስ አራት አምስት መቶ ዶላር የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ምን ሊል ይችላል?

ችግሩ ዋጋውን የሚሸከመው አውሮፕላን የትኛው ነው የሚለው ላይ ነው። እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንደምር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የኩባንያው መዝገብ አይደሉም። አንድ ባለ 50 መቀመጫ በረራ 5,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። ከመቶ ሰባው መቀመጫ ከተያዘ 35 ሰው ነው፤ በነፍስ ወከፍ 143 ዶላር ካልተገኘ ኪሳራ ነው። በዚያው መንገድ ላይ 132 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን 8,000 ዶላር ቢፈጅና እሱም ከመቶ ሰባው ቢያዝ 92 ሰው ይዟል፤ 87 ዶላር ይበቃዋል። ፓይለት እዚህም እዚያም ሁለት ነው። የማረፊያው ሰዓት፣ የበሩ ኪራይ፣ የጥገና ሰልፉ በመቀመጫ ልክ አይቀንስም። ትንሹ አውሮፕላን በጠቅላላ ሲታይ ርካሽ ነው፣ በመቀመጫ ሲሰላ ግን ውድ ነው።

ታዲያ ዩናይትድ እንዴት አዋጣው? የዩናይትድ ተሳፋሪ ከቻርልስተን ደለስ መጥቶ አያበቃም። ወደ ለንደን፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይቀጥላል። የሲአርጄዋ ውድነት በሰፊው መንገድ ትርፍ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ኢንዲፔንደንስ ግን ሰፊ መንገድ አልነበረውም። ተሳፋሪውን ከሌላ አየር መንገድ ጋር የሚያያይዝ ውል አልነበረውም፣ ትኬቱንም መጀመሪያ ላይ የሚሸጠው በአብዛኛው በራሱ ድረ ገጽና በስልክ ነው። አንዱን ትንሽ ከተማ በደለስ በኩል ከሌላ ትንሽ ከተማ ጋር ያገናኛል እንጂ ከደለስ ወዲያ የሚያስቀጥልበት ነገር የለውም። መጋቢ ነው፤ የሚመግበው የለም።

ብዙ ሰው ኢንዲፔንደንስን የገደለው ነዳጅ ነው ይላል። አልስማማም። ነዳጁ ጨክኗል፣ እሱን ማንም አይክድም። ሥራ ሲጀምር በርሜሉ 40 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በኦገስት 2005 መጨረሻ ካትሪና አውሎ ነፋስ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ሲመታ 70 ደረሰ። ድሮ ነዳጁን ዩናይትድ ነበር የሚችለው፣ አሁን ራሱ ነው፣ ጭማሪው ቀጥታ ከኪሱ ወጣ። ግን በ2004 መጨረሻ ላይ፣ ካትሪና ከመምጣቷ ከብዙ ወራት በፊት፣ ድርጅቱ ቀድሞ እየደማ ነበር። በ2005 መጀመሪያ ላይ አውሮፕላኖቹን ካከራዩት ድርጅቶች ጋር ተማጽኖ ኪራይ አስተላልፎ፣ አንዳንዶቹንም አውሮፕላኖች መልሶ ነው ከኪሳራ ያመለጠው። ነዳጅ ሞቱን አፋጠነው እንጂ ነዳጅ 40 ዶላር ላይ ቢቆምም የሃምሳዋ ሂሳብ አይደመርም ነበር።

ሌላው ዩናይትድ ነው። ዩናይትድ ወጥተህ ሂድ ብሎ ቁጭ አላለም። ሌሎች መጋቢዎችን አምጥቶ በአትላንቲክ ኮስት ቦታ ተካ፤ ዋጋውን ከኢንዲፔንደንስ እኩል አወረደ፤ ለደንበኞቹ ማይል (በበረሩ ቁጥር የሚጠራቀመውን፣ በኋላ ትኬት የሚያስገኘውን ነጥብ) ጨመረላቸው። ቴድ የሚል ርካሽ ቅርንጫፉንም ደለስ ላይ አስገባ። ዋሽንግተን ውስጥ በመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚበር ሰው ደግሞ ማይሉን አይለቅም፤ የቀነሰለት ሠላሳ ዶላር የራሱ አይደለማ። ኪሳራ ያወጀ ድርጅት ዋጋ ጦርነት ሲገጥም ማየት ግርም ይላል። ፍርድ ቤቱ ዕዳ ሰብሳቢዎቹን በር ላይ አቁሞለት እሱ ውስጥ ሆኖ ይዋጋል። ኢንዲፔንደንስ ግን በየወሩ ኪራዩን መክፈል ነበረበት።

ኩባንያው ሂሳቡ አልገባውም ማለት አይደለም። ገብቶታል። ገና ሲያቅድ ነው 132 መቀመጫ ያላቸውን ኤርባስ 319ዎች ያዘዘው። የመጀመሪያው በኖቬምበር 2004 ገባ፣ ወደ ፍሎሪዳ፣ ከዚያም ወደ ምዕራቡ ጠረፍ በረረ። ደርዘን ያህል ሆኑ። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ ለፍሎሪዳ መንገድ ያ ነው የሚያዋጣው። ግን በአንድ በኩል 87 ትንሽ ጄት በረጅም ጊዜ ኪራይ ታስሮ አለ፣ በሌላ በኩል አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲገባ አዲስ የፓይለት ሥልጠና፣ አዲስ መለዋወጫ፣ አዲስ መካኒክ ይጠይቃል። ሀብታም የሆነ አየር መንገድ በአምስት ዓመት የሚሠራውን እሱ እየከሰረ በአንድ ዓመት ሊሠራ ተነሳ። እኔ እንደሚመስለኝ በአሥር ኤርባስ ጀምሮ ሲአርጄዎቹን አብዛኞቹን ለሌላ አሠሪ ቢያከራይ ኖሮ ዕድል ነበረው። ሲአርጄውን የሚከራይ ግን ማን ነው? ሁሉም መጋቢ የራሱ ሞልቶታል።

ኖቬምበር 7 ቀን 2005 ኪሳራ አወጀ። ገዢ ተፈለገ፣ ጠፋ። በአዲሱ ዓመት ማግስት፣ ጃንዋሪ 2፣ ሐሙስ ማታ እናቆማለን ብሎ ተናገረ፤ ጃንዋሪ 5 ቀን 2006 የመጨረሻዎቹ አውሮፕላኖች አረፉ። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጨረሻው አሥራ ዘጠኝ ወር እንኳ አይሞላም። ዩናይትድ ከኪሳራ የወጣው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2006 ነው፤ ወር እንኳ ሳይሞላ። በሽተኛው ተነስቶ ሄደ፣ ከሱ ሸሽቶ የወጣው ተቀበረ።

ደለስ ላይ ምን እንደቀረ በቁጥር ይታያል። በ2005 ኤርፖርቱ 27 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ አስተናገደ፣ ያን ጊዜ ደርሶበት የማያውቀው ቁጥር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወደ 23 ሚሊዮን ወረደ። አራት ሚሊዮን ሰው በአንድ ዓመት ሲጠፋ የሚጎዳው አየር መንገዱ ብቻ አይደለም። ቡና የሚሸጠው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ታክሲ ተራ ይዞ የሚጠብቀው ሁሉ ያውቀዋል። ሳውዝዌስት በርካሽ ዋጋው በኦክቶበር 2006 ደለስ ገባ፤ ግን በትልቁ ቦይንግ ነው የመጣው፣ የሚበረውም ወደ ትልልቅ ከተማ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ቻርልስተን በዚያ ዋጋ ያን ያህል በረራ ዳግም አላገኘም።

የድርጅቱ ሬሳ እንኳ ሥራ አላጣም። አንድን አየር መንገድ ከዜሮ ለማስፈቀድ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀው ወረቀትና ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የሞተ አየር መንገድ የሥራ ፈቃድ ገንዘብ ያወጣል። በማርች 2006 ኖርዝዌስት የሚባለው ትልቅ አየር መንገድ የኢንዲፔንደንስን ፈቃድ ገዛና ኮምፓስ የሚባል አዲስ አየር መንገድ አቋቋመበት። ምን ለመሥራት መሰላችሁ? የኖርዝዌስት መጋቢ ለመሆን። ኮምፓስ በ2007 መብረር ጀመረ፣ ኖርዝዌስት ከዴልታ ጋር ሲዋሃድ አብሮ ወደ ዴልታ ሄደ፣ በ2010 ተሸጠ፣ በኤፕሪል 2020 በኮሮና ምክንያት ውሎቹ ሲያልቁበት ተዘጋ።

ስካይዌስትስ? ዋጋ ቀንስ ሲባል የተስማማው? ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ መጋቢ ነው። ለዩናይትድ፣ ለዴልታ፣ ለአሜሪካን፣ ለአላስካ ይበራል። አንዱ ቢከስር ሦስቱ አሉ። አትላንቲክ ኮስትም ከዩናይትድ ሌላ ዴልታ ነበረው፤ ዴልታ ግን በ2004 ውሉን ዘጋው፣ አሁን ተፎካካሪዬ ሆነሃል የሚል ነገር ሲመጣ ማን ያስቀጥለዋል። የሰው ቀለም ለብሰህ ለመኖር ከወሰንክ የብዙ ሰው ቀለም ልበስ፤ ስካይዌስት የሠራው ይህንኑ ነው። ራስህን ለመቻል ከወሰንክ ደግሞ አውሮፕላኑን መጀመሪያ ቀይር። አትላንቲክ ኮስት መሃል ላይ ቀረ፤ ራሱን ቻለ፣ አውሮፕላኑ ግን የመጋቢ አውሮፕላን ነበር።

አፍሪካ ላይ የተሞከረ ሦስተኛ መንገድም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ምዕራብ አፍሪካን ለመመገብ በውል አልተኮናተረም፤ በ2010 ሎሜ ላይ ሥራ በጀመረው አስካይ ውስጥ ባለአክሲዮን ሆኖ ገባ። አስካይ ከአካባቢው ከተሞች ሎሜ የሚያመጣውን መንገደኛ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ ይዞት ይሄዳል። መጋቢው ሲጎዳ ትልቁም ይጎዳል፣ ስለዚህ ገመዱን ማንም ዝም ብሎ አይበጥሰውም። ይሄም ዋስትና ነው ማለት አይደለም፤ አክሲዮን ያለበትም ይዘጋል። ግን አንዱ ሌላውን በፍርድ ቤት ወረቀት የሚያሰናብትበት ግንኙነት አይደለም።

ሃምሳዋ መቀመጫ አሁንም አለች። ሲአርጄ 200ዎቹ አርጅተው እየወጡ ነው፣ አዲስ የሚሠራቸው የለም። የፓይለቶቹ ውል ግን ትልልቅ መጋቢ ጄቶችን በቁጥር እንደገደበ ነው። ስለዚህ ዩናይትድ በ2019 ምን አደረገ፣ 70 ሰው የሚይዘውን ሲአርጄ 700 ወስዶ መቀመጫ ነቅሎ 50 አደረገው፣ ስሙም ሲአርጄ 550 ተባለ። በተነቀለው ቦታ አንደኛ ማዕረግና የሻንጣ ቁም ሳጥን ገባበት። ተሳፋሪው ደስ ብሎታል፣ እኔም ጉልበቴ ደስ ይለዋል። ሃያ መቀመጫ ነቅሎ መብረር የሚያዋጣው ግን ፍራንክፈርት የሚሄደው ትልቁ አውሮፕላን ወዲያ ማዶ ስለሚጠብቅ ነው።

ትኬት ስትገዙ እንግዲህ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቧት፤ የሚያበረው እገሌ ነው የምትለውን። ትኬቱን የሸጠላችሁ ትልቁ አየር መንገድ ከሆነ፣ መጋቢው ቢዘጋም ሌላ አውሮፕላን ላይ ማሳፈር የሱ ጣጣ ነው። ኮምፓስ ሲዘጋ ትኬቱ የዴልታ ወይም የአሜሪካን ስለነበር ብዙ ተሳፋሪ መዘጋቱንም አልሰማም። ከትንሹ አየር መንገድ በቀጥታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ በዴቢት ወይም በሌላ ነገር አይሁን። የሲልቨር ተሳፋሪዎች ያን ጁን የተነገራቸው ካርድ ኩባንያችሁን ጠይቁ ነው፤ በሌላ መንገድ የከፈለ ሰው ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው።